ዲስክ አልተገኘም፦ ለወለጋ የኤክስፒ ባለንብረቶች የተሰጠ ምክር

«ዛሬም ዊንዶውስ ኤክስፒ የሚጭን ሰው አለ እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢያጋጥምዎት እንግዳ ነውና ቡና አፍልተው ያስተናግዱት። ነቀምት፣ ጊምቢ፣ ነጆ፣ ሻምቡ ወይም ደምቢ ዶሎ የከረመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም። እሱ የሚጠይቀው «የሳታ ድራይቨሩ በእጅህ አለ?» ብሎ ነው፤ ለዚያውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ማይክሮሶፍት ኤክስፒን ለገበያ ያቀረበው ጥቅምት 15 ቀን 1994 ዓ.ም. ነበር። መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ደግሞ ከእንግዲህ አልጠግነውም ብሎ እጁን ሰበሰበ። ይህን ሲወስን ጊምቢ ያለችውን የቡና ነጋዴ ሒሳብ ሠራተኛ አላማከራትም። እሷ ዘንድ በድሮው የሒሳብ ፕሮግራም በፒችትሪ የተያዘ የብዙ ዓመት መዝገብ አለ፤ ፒችትሪው ያለው ኤክስፒ ላይ ነው፤ የጫነላት ልጅ ደግሞ አዲስ አበባ ገብቶ ስልክ ቁጥሩን ቀይሯል። ከቢሮዋ ጎን ያለው ፎቶ ቤት ማተሚያው ከኤክስፒ በቀር ማንንም አይሰማም። እታች ያለው ጋራዥ የመኪና ብልሽት የሚያነብበት ገመድ አለው፤ አብሮት የመጣው ሲዲ የሚፈልገው ኤክስፒን ነው። «ለምን ወደ አዲሱ አትሸጋገሩም?» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ለመካሪው። እኔ የምመክረው እዚያው ባሉበት እንዴት በሰላም እንደሚቆዩ ነው።

መከራው የሚጀምረው ሳጥኑ ሲሞት ነው። ባለ ፔንቲየም 4ቱ ኮምፒውተር ከስንት ክረምት መብረቅና ከስንት የመብራት መሄድና መምጣት ተርፎ አንድ ማለዳ አልነሣም ይላል። ምትክ ይገዛል፦ በዱባይ በኩል የገባ፣ ያገለገለ፣ ኮር ቱ ዱዎ ወይም ኮር አይ 3፣ ጎኑ ላይ የማን እንደነበረ የማይታወቅ የንብረት ቁጥር የተለጠፈበት። የድሮው ሃርድ ዲስክ ወደ አዲሱ ሳጥን ይዛወራል። ሲከፈት የኤክስፒ አርማ ብቅ ይላል፤ ሰማያዊ ነገር ብልጭ ይላል፤ ኮምፒውተሩ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። አርማ፣ ብልጭታ፣ ከመጀመሪያው። የኤክስፒ ሲዲ ይገባና አዲስ ጭነት ይሞከራል። ሲዲው ብዙ ከተንጎራጎረ በኋላ በዚህ ኮምፒውተር ላይ ምንም ሃርድ ዲስክ አላገኘሁም ብሎ፣ ኤፍ 3ን ተጭነው እንዲወጡ በትሕትና ይጋብዝዎታል።

አይውጡ። ከጎንዎ የቆመው ጠጋኝ ልጅ የሚልዎትንም ሰምተው አይደንግጡ። የሚለው የታወቀ ነው፦

«ጋሼ፣ ዲስኩ ሞቷል።»

«ትናንት ይሠራ ነበር እኮ።»

«ትናንት ነዋ።»

«ዲ ላይ ያስቀመጥኩት ፋይልስ?»

«ዲም አብራ ነው የሄደችው።»

ስለ ዲ አንድ ነገር ልበል። በአገራችን ማንም ሰው ፋይሉን ዲ ላይ ያኖራል፤ ሲ የሚበላሽ፣ ዲ ግን መከራ የማይነካው ቦታ ነው ተብሎ ስለሚታመን። ፎርማት በተደረገ ቁጥር ሲ ተጠርጋ ዲ ስለምትተርፍ እምነቱ መሠረት አለው። ነገር ግን ሲና ዲ አንድ ዲስክ ናቸው፤ የሚለያያቸው ዲስኩ መጀመሪያ ላይ የተጻፈ አጭር ሠንጠረዥ ብቻ ነው። ዲስኩ ሲወድቅ ሁለቱም ይወድቃሉ፤ ዊንዶውስ ዲስኩን ማየት ሲያቅተውም ሁለቱንም ያጣቸዋል። የእርስዎ ጉዳይ ግን የኋለኛው ነው። ዲስኩ አልሞተም፤ ኤክስፒ ነው ያላየው።

ያላየበትም ምክንያት አለ። ኤክስፒ ሲወለድ የቤትና የቢሮ ኮምፒውተር ዲስክ በአይዲኢ ደንብ ነበር የሚሠራው። ኤኤችሲአይ የተባለው አዲሱ የሳታ ዲስኮች ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ኤክስፒ ከወጣ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ። በ2008 እ.ኤ.አ. የመጣው ሰርቪስ ፓክ 3 እንኳ ይህን ደንብ ለኤክስፒ አላስተማረውም። ከዱባይ የመጣው ሳጥንዎ ደግሞ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገረው በኤኤችሲአይ ነው። ኤክስፒ ቋንቋውን ስለማይሰማ ማንም የለም ብሎ ይደመድማል።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ መጠየቁ አይቀርም፦ ዲስኩን ካላየው አርማውን ከየት አምጥቶ አሳየን? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ያወቀ ሰው ዕድሜ ልኩን በማንም ባለሙያ አይታለልም። ኮምፒውተሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚሠራው ባዮስ ነው። ባዮስ ዲስኩን በራሱ መንገድ ያነባል፤ የዊንዶውስን አስኳልና ለመነሻ የሚያስፈልጉ ጥቂት ድራይቨሮችን ወደ ሜሞሪ ያስገባል። አርማውን የሚያዩት በዚህ ሰዓት ነው። ከዚያ ዊንዶውስ ጉልበት ያገኛል፤ ባዮስን አሰናብቶ ዲስኩን በራሱ ድራይቨር ማንበብ ይጀምራል። ለዚህ ቦርድ የሚሆን ድራይቨር ከገቡት ጥቂቶች መካከል ከሌለ ግን ተመልሶ ከዲስኩ ሊያመጣው አይችልም፤ ዲስኩን የሚያነበው ያው ድራይቨር ነውና። ድልድይ ሳይሠራለት በፊት ዴዴሳን ሊሻገሩ መጥተው ታንኳው ከማዶ ታስሮ እንደማግኘት ነው። ያኔ ሰማያዊው ገጽ ይመጣል፤ ረድፍ ሙሉ ዜሮ፣ መጨረሻው ላይ 7ቢ።

ገጹ ብልጭ ብሎ ከጠፋብዎት ሲከፈት ኤፍ 8ን ደጋግመው ይጫኑና በራስ የመነሣት ልማዱን የሚያስቆመውን ምርጫ ይውሰዱ። ገጹ ይቆምልዎታል። በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። 7ቢን በእጁ የያዘ ሰው በማንኛውም ሱቅ ሲገባ አነጋገሩ ይለወጣል፤ ልጁም «ጋሼ» ማለቱን ትቶ «መምህር» ይልዎታል።

አሁን ወደ ሕክምናው እንግባ። ማይክሮሶፍት ለዚህ በሽታ ያዘዘው ኤፍ 6 የሚባል ሥርዓት ነው፤ ሥርዓት ያልኩት በምክንያት ነው። የኤክስፒ ሲዲ መነበብ እንደጀመረ ከገጹ ግርጌ አንዲት ነጭ መስመር ትመጣለች። የምትቆየው ጥቂት ሰኮንድ ነው። በዚያች ቅጽበት ኤፍ 6ን ይጫኑ። ምንም አይሆንም፤ ፋይሎቹ ምንም እንዳልሰሙ መነበባቸውን ይቀጥላሉ። ምንም አለመሆኑ ትክክለኛው ምልክት ስለሆነ ተስፋ ቆርጠው ኮምፒውተሩን አያጥፉ። ከሁሉ በላይ በዚያች ቅጽበት ሰላምታ እንዳይቀበሉ አደራ። ጎረቤት ብቅ ብሎ «ኦቦ፣ አከም ጅርቱ?» ቢልዎት ራስዎን ነቅነቅ አድርገው በዝምታ ይለፉት። የነቀምት ሰላምታ ከብቱን፣ ልጆቹን፣ ዝናቡን ጠይቆ ሳያበቃ መስመሯ ሄዳለች፤ እርስዎም ሲዲውን ከመጀመሪያው ማስጀመር ሊኖርብዎት ነው። ጎረቤት ቢቀየም ማታ ሄደው ይታረቃሉ።

ጥቂት ቆይቶ ኤክስፒ ይጠይቅዎታል፤ ኤስን ይጫኑ ይላል። ከዚያ በኤ ድራይቭ ያለውን ፍሎፒ ያስገቡ ይላል። ፍላሽ አይልም፣ ሲዲም አይልም። ፍሎፒ።

እንግዲህ ፍሎፒ ፍለጋ ይውጡ። ጽሕፈት መሣሪያ ሱቆችን አያድክሙ፤ ወጣቱ ሻጭ ሲዲ ያወጣልዎታል፣ ሽማግሌው ሻጭ ያዝንልዎታል። የተሻለው ቦታ ጡረታ የወጡ መምህር ቤት ነው፤ የፈተና ወረቀት በፍሎፒ ያስቀምጡ የነበሩ ሰዎች ምንም አይጥሉም። ከዚያ ቀጥሎ የድሮ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል አለ፤ ግን ለአንድ ፍሎፒ ወጪ ማድረጊያ ቅጽ ሞልተው ሦስት ፊርማ ማሰባሰብ ሊጠበቅብዎት ነው። የወለጋ ሙዚየምን አስበው ከሆነ፣ ፍሎፒ አስቀምጦ አላየሁም፤ ወደፊት ግን አንዱን ቢሰጡት ደስ ይለኛል። የተገኘውን ፍሎፒ ሽፋን ገፋ አድርገው ውስጡን ይመልከቱ። የወለጋ ክረምት ረጅምና እርጥብ ነው፤ ቡናማው ገጽ ላይ ነጭ ሻጋታ ካዩ አንባቢውን ያበላሽብዎታልና ለባለቤቱ አመስግነው ይመልሱ። ደግነቱ ቦታ አይጎድልም፤ ፍሎፒ 1.44 ሜጋባይት ብቻ ይዞ ድራይቨሩን ከነፋይሎቹ ይችለዋል።

አሁን ሳጥንዎን ይመልከቱ። የፍሎፒ ማንበቢያ የለውም፤ ቦርዱ ላይ ገመዱ የሚሰካበት ቦታም ላይኖር ይችላል። በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ አለ፤ የኤክስፒ ሲዲ ግን የሚቀበለው በውስጡ በስም የተመዘገቡትን ጥቂት ሞዴሎች ብቻ ነው። የእርስዎ ካልተመዘገበ እዚያው ቁጭ ብሎ ፍሎፒ አምጣ ይላል።

ይህን ሁሉ ካለፉ ዝርዝር ይቀርብልዎታል፦ አይሲኤች 7፣ አይሲኤች 8፣ አይሲኤች 9፣ አይሲኤች 10፣ አንዳንዱ መጨረሻው ላይ ኤም ያለበት፣ አንዳንዱ አር። ከዝርዝር ላይ የመጀመሪያውን መምረጥ ልማዳችን ነው፤ ለምግብ ቤት ይሠራል፣ እዚህ አይሠራም። ኤም ያለበት ለላፕቶፕ ነው። የቦርድዎን ቺፕ ስም አስቀድመው አጣርተው ልክ እሱኑ ይምረጡ፤ የተሳሳተ ከመረጡ ኤክስፒ ይቀበልዎትና 7ቢን በኋላ ያቀርብልዎታል። ሌላም ነገር አለ፦ ድራይቨሩ አንዴ ተነበበ ብለው ፍሎፒውን አውጥተው ኪስዎ አይክተቱት። ኤክስፒ ዲስኩን ፎርማት አድርጎ ሲጨርስ ፋይሎቹን ለመቅዳት ተመልሶ ይመጣል።

ፍሎፒ የሚባል ነገር ማየት የማይፈልግ ሰው ኤንላይት በተባለ ፕሮግራም ድራይቨሩን ከኤክስፒ ሲዲ ጋር አዋህዶ አዲስ ሲዲ መጻፍ ይችላል። ጨዋ መንገድ ነው። የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር፣ ባዶ ሲዲና ትዕግሥት ይፈልጋል፤ በቀስታ ፍጥነት ይጻፉት።

እስካሁን የነገርኩዎት ሁሉ ድካሙ እንዲታይለት ለሚፈልግ ሰው ነው። ሌላ መንገድ አለ፤ ያዘገየሁት ሁለት ደቂቃ ስለሚፈጅ ነው፤ መጀመሪያ ብነግርዎት ምክሬን ይንቁት ነበር። ኮምፒውተሩ ሲከፈት እንደ ቦርዱ ዓይነት ኤፍ 2፣ ኤፍ 10 ወይም ዲሊት ተጭነው ባዮስ ውስጥ ይግቡ። ስለ ሳታ ወይም ስለ ስቶሬጅ የሚያወራውን ገጽ ይፈልጉ። ኤኤችሲአይ የሚለውን ወደ አይዲኢ ይለውጡ፤ አንዳንዱ ቦርድ አይዲኢን ኤቲኤ፣ ኮምፓቲብል ወይም ሌጋሲ ብሎ ይጠራዋል። አስቀምጠው ይውጡ። ቦርዱ አሁን በድሮው ቋንቋ ስለሚናገር የኤክስፒ ሲዲ ዲስኩን ወዲያው ያየዋል። ከሌላ ሳጥን የመጣ የድሮ ኤክስፒም አንዳንዴ ያለ ምንም ጭነት ይነሣል። ባይነሣም በሲዲው የጥገና ጭነት ይሞከራል፤ ፋይልዎ ሳይነካ።

የሚያጡት ነገር የለም አልልም። ኤኤችሲአይ ለዲስኩ የሚመጡ ትእዛዞችን ቅደም ተከተል እያቀናጀ ያስኬዳል፤ ዲስክን ሳያጠፉ መንቀልና መሰካትም ይፈቅዳል። ፒችትሪ የሚከፍት፣ በፓወር ግዕዝ የሚጽፍ፣ በአሮጌ የሚሽከረከር ዲስክ ላይ የሚሠራ ሰው ይህ ቢጎድልበት አያውቀውም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ኤክስፒው ቀድሞ በኤኤችሲአይ ተጭኖ ከነበረ ወደ አይዲኢ ሲለውጡት በተቃራኒው ይታመማል፤ በዚያው በ7ቢ። ስለዚህ ከመንካትዎ በፊት የነበረውን ይጻፉ።

ታዲያ ልጁ ይህን የሁለት ደቂቃ ነገር ለምን አያደርገውም? አንዳንዱ አያውቀውም። የሚያውቀው ደግሞ ሞክሮት ነበር፤ ደንበኛው «ለዚህች ነው ብር የምትጠይቀኝ?» አለው። በሚቀጥለው ጊዜ ፎርማት አደረገ፤ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ወሰደ፤ ጠቀም ያለ ሒሳብ ተቀበለ፤ ተመሰገነም። እኔ በልጁ አልፈርድም። ለድካም እንጂ ለዕውቀት አንከፍልም ያልነው እኛ ነን። ሁለት ደቂቃ ሠርቶ ኮምፒውተርዎን ከነፋይሉ ካስነሣልዎት የፎርማቱን ዋጋ ይክፈሉት፤ አይከራከሩ። ከዚያ ወዲህ የሚተርፈው ዲ ብቻ አይሆንም።

አሁን ስለ ማደስ፤ ስለ አፕዴት ማለቴ ነው። ዲስኩ ታይቶ፣ ኤክስፒ ተጭኖ፣ ሥራ ተጀምሮ እያለ አንድ ወዳጅዎ መጥቶ «ድራይቨሮችህ አሮጌ ናቸው» ይልዎታል። በእጁ ድራይቨር ፓክ የሚባለው የሩሲያ ሥራ አለ፤ ኢንተርኔት የማይፈልገው ዓይነቱ ከ10 ጊጋባይት በላይ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እዚህ ደርሷል። ክፉ ሥራ አይደለም፤ ኢንተርኔት በሌለበት ብዙ ሰው አድኗል። ነገር ግን ዝም ብለው ትልቁን ቁልፍ ከተጫኑ ያልጠየቁትን ብራውዘርና አንቲቫይረስ ጨምሮ ያለውን ሁሉ ያወርድብዎታል፤ የዲስኩንም ድራይቨር አብሮ ይለውጣል። ኤክስፐርት የሚለውን ምርጫ ገብተው፣ የማይፈልጉት ሳጥን ላይ ያለውን ምልክት ሁሉ ያንሡ። መጀመሪያ የሚያነሡት የስቶሬጁን ይሁን።

የድምፁ ድራይቨር ቢበላሽ ዘፈን ያጣሉ። የስክሪኑ ቢበላሽ ፊደሉ ይገዝፋል፤ መነጽር ለረሱ ሰዎች ጥቅም አለው። የዲስኩ ሲበላሽ ግን የሚያስተካክሉበት ቦታም አብሮ ይሄዳል፤ መጠገኛው ያለው ዲስኩ ላይ ነውና። ስለዚህ የሚሠራውን የስቶሬጅ ድራይቨር «አሮጌ ነው» ብሎ ማደስ በወለጋ ዞኖች ሁሉ በሽማግሌ ቢከለከል ደግፌ እፈርማለሁ። ዲስኩ ሥራ መሃል የሚቀዘቅዝ ከሆነና የቦርዱ አምራች ይህንኑ ለማስተካከል አዲስ ድራይቨር ማውጣቱን በጽሑፍ ካዩ ብቻ ይድፈሩ። ሲደፍሩም ፋይልዎን ወደ ውጭ ዲስክ ይገልብጡ፤ የነበረውን ድራይቨር ቁጥር ይጻፉ፤ ከዲቫይስ ማኔጀር ወደ ኋላ መመለሻ ቁልፍ እንዳለ ይወቁ። ከአፕዴቱ በኋላ ኮምፒውተሩ 7ቢ ካለ ኤፍ 8 ተጭነው መጨረሻ በደኅና የሠራበትን ሁኔታ የሚመልሰውን ምርጫ ይውሰዱ። ይህ ምርጫ አንዴ በደኅና ከገቡ በኋላ የድሮውን ይረሳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እንደታመመ ይጠቀሙበት።

ማደሱን መብራት እንደመጣ አይጀምሩ፤ እንደመጣ ሊመለስ ይችላል። ዩፒኤስ አለኝ ካሉ ባትሪው ዛሬም ይይዝ እንደሆነ ነቅለው ይፈትኑት። ብዙዎቻችን ቤት ዩፒኤስ ማለት ባትሪው የሞተ፣ ከባድ ማከፋፈያ ነው።

«ድራይቨር ከጠፋ ከኢንተርኔት አወርዳለሁ» የሚል ትምክህት ካለዎት 2012 ዓ.ም.ን ያስታውሱ። ኅዳር ላይ ኢንቴል የድሮ የዴስክቶፕ ቦርዶቹን ባዮስና ድራይቨር ከድረ ገጹ አነሣ። ታኅሣሥ ሲያልቅ ደግሞ በምዕራብ ኦሮሚያ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ብዙ ቦታ ስልኩም ጭምር። እስከ መጋቢት ድረስ ተዘግቶ ቆየ። ሁለቱ ነገሮች አይገናኙም፤ ኢንቴል ስለ ወለጋ፣ የዘጋውም ስለ አይሲኤች 9 ያሰበ አይመስለኝም። ኮምፒውተሩ ለታመመበት ሰው ግን ውጤቱ አንድ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ድራይቨር የሚመጣው በፖስታ በታሸገ ፍላሽ፣ በአውቶቡስ ረዳት እጅ፣ ከአዲስ አበባ በአምቦና በባኮ በኩል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ። ስለዚህ ዛሬ ኢንተርኔት እያለ የቦርድዎን ድራይቨር በሁለት ፍላሽ ይያዙ። አንዱን ጊምቢ ያለ ዘመድ ዘንድ ያስቀምጡ። ሌላውን ማንም ቢለምንዎት አያውሱ፤ ሲመለስ ውስጡ ያለው ፋይል ሁሉ በቫይረስ ሾርትከት ሆኖ ነው የሚመጣው።

«እኔ ሰቨን ላይ ነኝ፣ ይህ አይመለከተኝም» የሚል አንባቢ ፈገግ ሲል ይታየኛል። ሰቨን ኤኤችሲአይን ያውቃል። በአይዲኢ ከተጫነ ግን ያንን ድራይቨር ያስተኛዋል፤ በኋላ ባዮስ ውስጥ ገብተው ወደ ኤኤችሲአይ ሲለውጡት 7ቢን ያመጣልዎታል። አስቀድመው ሪጅስትሪ ውስጥ ኤምኤስ ኤኤችሲአይ በሚለው ሥር ስታርት የሚለውን ቁጥር 0 ካደረጉት ይነቃል። አዳዲስ ቦርድ ላይ ሰቨንን የሚጭን ሰው ደግሞ ሌላ ይጠብቀዋል፦ የሰቨን ዲቪዲ ዩኤስቢ 3ን አያውቅም፤ መጫኛው ይከፈታል፣ ማውሱና ኪቦርዱ ግን ይሞታሉ። «ቀጣይ» የሚለውን እያዩ መጫን አይችሉም።

አዲስ ላፕቶፕ የገዛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪም አልተረፈም። ከኢንቴል 11ኛ ትውልድ ወዲህ ባሉ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ቪኤምዲ የሚባል ነገር ተከፍቶ ስለሚመጣ፣ የዊንዶውስ 10 መጫኛ ፍላሽ ምንም ዲስክ አላገኘሁም፣ ድራይቨር አምጣ ይላል። ኤክስፒ ያለውን ቃል በቃል ማለት ይቻላል። ኢንቴል ለዚህ ያቀረበው ፋይል ስሙ ኤፍ 6 እና ፍሎፒን የሚያመለክት ነው፤ ፍሎፒ አይተው የማያውቁ ልጆች ከፍላሽ ይጭኑታል። ባዮስ ውስጥ ቪኤምዲን መዝጋትም ያው የሁለት ደቂቃ መንገድ ነው። እዚያም ላይ ልጁ «ዲስኩ ሞቷል» ሲል ሰምቻለሁ፤ ካርቶኑ ገና አልተጣለም ነበር።

የቀረኝ ዋናው ነገር ነው። ባዮስ ውስጥ አይዲኢ አድርገው ኤክስፒን አስነሡ እንበል። ሳምንታት በሰላም ያልፋሉ። ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት 7ቢ ተመልሶ ይመጣል። ማንም አልነካውም። ልጁ ተጠርቶ «ፎርማት ነው የሚፈልገው» ይላል፤ ሲዲው ዲስክ አላገኘሁም ይላል፤ አዲስ ዲስክ ይገዛል፤ አዲሱም አይታይም፤ ቦርዱ ሞቷል ይባላል፤ ሌላ ሳጥን ይገዛል። ይህን ሁሉ ያመጣው ቦርዱ ላይ የተቀመጠ ሳንቲም የሚያህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ነው። ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ ሳይሆን ሲቀር ባዮስ የነገሩትን የሚያስታውሰው በዚያ ባትሪ ነው። እኛ ደግሞ ጠንቃቃ ሕዝብ ነን፤ መብረቅና የመብራት መናወጥ ስለምንፈራ ቢሮ ስንዘጋ ሶኬቱን ነቅለን እንሄዳለን፤ ዓርብ ማታ የተነቀለ ሰኞ ነው የሚሰካው። ከዱባይ ከነሳጥኑ የመጣ አሮጌ ባትሪ ይህን አይችልም። ባዮስ ሁሉን ይረሳል፤ ወደ ፋብሪካው ምርጫ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ወደ ኤኤችሲአይ፣ ይመለሳል። ቀድሞ ምልክት ሰጥቶ ነበር፦ ሰዓቱ ተዛብቷል፣ ለመቀጠል ኤፍ 1ን ይጫኑ የሚል ጽሑፍ በየማለዳው ሲመጣ እርስዎ ኤፍ 1ን እየተጫኑ ቡናዎን ይጠጡ ነበር።

ባትሪው ሲአር 2032 ይባላል፤ ሰዓት የሚጠግኑ ሰዎችም አይጠፋቸውም። ኮምፒውተሩን ነቅለው፣ አሮጌውን በጥፍርዎ ላላ አድርገው አውጥተው፣ አዲሱን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ ያስገቡ። ባዮስ ገብተው ሰዓቱን ያስተካክሉ፤ አይዲኢ ያድርጉ። ከዚያ ሳጥኑ ጎን ላይ ፕላስተር ለጥፈው «ሳታ፦ አይዲኢ» ብለው ይጻፉበት፤ በአማርኛም በቁቤም፣ የሚቀጥለው ልጅ አላነበብኩትም እንዳይል። ማታ ሶኬቱን ነቅለው ይሂዱ። በማግስቱ ሲከፍቱ ሰዓቱ ልክ ከሆነ ባትሪው ደኅና ነው። ቀኑ ቦርዱ ወደተሠራበት ዓመት ከተመለሰ የሸጡልዎት ባትሪ ሱቅ ውስጥ ያረጀ ነው፤ ይዘውት ይመለሱ። ሻጩ ደረሰኝ ይጠይቅዎታል። ሲገዙ ደረሰኝ ቢጠይቁት «ለባትሪ?» ብሎ ስቆብዎት እንደነበር ያስታውሱታል፤ ስለዚህ ሲገዙ ሁለት ይግዙ።